ቤት ሠሪ ሞልቷል፤ መከታውን ማን ይሥራ?



የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ወደ መጋቢዎች የሚመጣው ጥያቄ ይለወጣል። ሌላ ጊዜ ስለ ሕመም፣ ስለ ትዳርና ስለ ሥራ «ጸልዩልን» የሚሉ ወላጆች ያን ሰሞን «ልጃችን ምን ቢያጠና ይሻላል?» ብለው ይመጣሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. አገር አቀፉን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህች ጠባብ በር ያለፈ ልጅ ባለበት ቤት የአባትና የእናት ብቻ ሳይሆን የታናናሾቹም ተስፋ በአንዲት ምርጫ ላይ ይንጠለጠላል።

በእኛ በአማኞች መካከል ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው «ኮምፒውተር ይማር፤ እንጀራው እዚያ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው በአንዳንድ ትልልቅ ወገኖቻችን ዘንድ የሚሰማው ነው፤ «ይህ ሁሉ ቴክኖሎጂ ለአውሬው ምልክት መንገድ የሚጠርግ ነው፤ ልጄ ከዚያ ይራቅልኝ» ይላሉ። የመጀመሪያው ቴክኖሎጂን ሳይመረምር ያቅፈዋል፤ ሁለተኛው ሳይመረምር ይሸሸዋል። ሁለቱም የሚስማሙት ባለመመርመር ነው።

እኔ ግን መመርመሩን ራሱን ሙያ ያደረገ ትምህርት እንዳለ ላሳስባችሁ እወዳለሁ። ቴክኖሎጂ በኅብረተሰብ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ማጥናት ይቻላል። ይህንን ጥማት በልቡ ያገኘ የእግዚአብሔር ልጅ ካለም ቤተ ክርስቲያን ልትባርከውና ልትልከው ይገባል ባይ ነኝ። ምክንያቴን ከቃሉም ከአገራችንም ላስረዳ።

ትምህርቱ ምን ይመስላል?

በሌላው ዓለም ይህ ጥናት አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስን፣ ቴክኖሎጂንና ኅብረተሰብን አንድ ላይ የሚያጠና መርሐ ግብር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ኮርኔልም ተመሳሳይ የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። ተማሪው «ይህ መሣሪያ እንዴት ይሠራል?» ብሎ አያቆምም። ማን አሰበው? ገንዘቡን ማን አወጣ? ማን ተጠቀመበት? ማን ተጎዳበት? ከመምጣቱ በፊት ሰዎች እንዴት ይኖሩ ነበር? ከመጣ በኋላስ ምን ረሱ? እነዚህን ለመመለስ ታሪክ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ሥነ ምግባር፣ ሕግና ስታቲስቲክስ ይማራል፤ የቴክኖሎጂውንም አሠራር ይማራል።

በአገራችን የተጓዝንበት መንገድ ለየት ያለ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ የሚል መመሪያ ተከትሏል። የድሃ አገር ጥያቄ ነበረና ምክንያቱ ይገባኛል፤ መንገድ፣ ግድብና ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን ሳናስበው በልጆቻችን አእምሮ ውስጥ ግድግዳ ቆመ። በዚህ ወገን የሚሠሩ፣ በዚያ ወገን የሚያወሩ ተባለ። ሰባው ስለ ሰው ሳይጠይቅ ተመረቀ፤ ሠላሳው ስለ ማሽኑ ሳያውቅ ተመረቀ።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ መልካም ነገር መጣ። የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዷቸው ኮርሶች መካከል ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚያስተምር መግቢያ ገባ፤ በውስጡም ስለ ቴክኖሎጂ ሥነ ምግባር የሚናገር ምዕራፍ አለ። ከእርሱ ጋር ሎጂክና ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂም ይሰጣሉ። ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም አንድ ምዕራፍ አንብቦ ያለፈ ተማሪ እና ይህንን ሸክሙ አድርጎ ለዓመታት ያጠና ሰው አንድ አይደሉም። አንድ የወንጌል ትራክት ያነበበና መጽሐፍ ቅዱስን ዘወትር የሚያጠና ሰው አንድ እንዳልሆኑ ማለት ነው።

የጣራው ሕግ

አሁን ወደ ቃሉ እንሂድ። በዘዳግም 22፥8 ላይ ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፋት አንዲት ሕግ አለች። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዘዋለች፤ ሰው ከላይ ወድቆ ቢሞት የደሙ በደል በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው።

የእስራኤል ቤት ጣራው ጠፍጣፋ ነበር። ሰው በላዩ ይኖርበት ነበር። ረዓብ ሰላዮቹን የደበቀችው በጣራዋ ላይ በረበረበችው የተልባ እግር ውስጥ ነው (ኢያ. 2፥6)። ጴጥሮስ ሊጸልይ የወጣው ወደ ጣራ ነው (የሐዋ. 10፥9)። ዳዊትም ወደ ቤርሳቤህ የተመለከተው ከጣራ ላይ ሆኖ ነው (2 ሳሙ. 11፥2)። እንግዲህ ያው ጣራ ለምሕረት፣ ለጸሎትና ለኃጢአት ሆኗል። እግዚአብሔር ግን «ጣራ አትሥሩ» አላለም፤ «ጣራው የእናንተ ነው፤ እንዳሻችሁ» ብሎም አልተወም። በሥነ መለኮት ኮሌጅ የሙሴን ሕግጋት ስናጠና መምህራን «ከሕጉ በስተኋላ ያለውን የእግዚአብሔርን ልብ ፈልጉ» ይሉን ነበር። በዚህች ሕግ ውስጥ ሦስት ነገር አያለሁ።

አንደኛ፣ ትእዛዙ የመጣው ስለ አዲስ ቤት ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ አዲስ ኃላፊነት አብሮ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ትእዛዙ ሰው ከመውደቁ በፊት ነው። ሰው ከወደቀ በኋላ ማልቀስ፣ ለቅሶ ቤት መቀመጥና መዋጮ ማዋጣት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አይከብደንም፤ እግዚአብሔር ግን አስቀድሞ ማሰብን ከፍቅር ቆጠረው። ሦስተኛ፣ ኃላፊነቱ የተጣለው በባለቤቱ ላይ እንጂ በወደቀው ሰው ላይ ብቻ አይደለም። «ዓይኑ የት ነበር?» ብሎ ማምለጥ የለም።

በዘመናችን በየቀኑ አዲስ ቤት ይሠራል። ሰው የት ላይ ሊወድቅ እንደሚችል አስቀድሞ ማየት ደግሞ በመልካም ፈቃድ ብቻ አይመጣም፤ ይማሩታል።

ከተማችን ራሷ ምስክር ናት

እኛ የሁርሶና የድሬዳዋ አካባቢ ሰዎች ይህንን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ድሬዳዋ የቴክኖሎጂ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት አስቸጋሪና ውድ ስለሆነ ሐዲዱ ከታች በሜዳው ላይ ቀረ፤ ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። «አዲስ ሐረር» ተብላ የተጠራች አዲስ ከተማም ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

በዚያ መካከል ምን እንደሆነ አስተውሉ። ለብዙ ዘመን የንግድ እናት የነበረችው ሐረር ገበያዋ ቁልቁል ወረደ። የጥንቱ የዘይላ ወደብ ቦታውን ለጅቡቲ ለቀቀ። «የሐረር ንግድ ይውረድ» ብሎ ያወጀ ንጉሥ አልነበረም። መሐንዲሶች ስለ ተራራ ቁልቁለትና ስለ ወጪ ሒሳብ ሠሩ፤ የሰዎች ኑሮ ግን ከሒሳቡ ጋር አብሮ ተቀየረ። የከተማችንን መልክ እንኳ ተመልከቱ። ከዚራ ለባቡር ኩባንያው ሰዎች ታስቦ በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ተሠራ፤ መጋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በራሱ መንገድ አደገ። ያ ልዩነት ዛሬም በእግር ለሚሄድ ሰው ይታያል። አንደበታችንም ተለወጠ፤ «ለገሃር» እና «ፉርጎ» የምንላቸው ቃላት ከፈረንሳዮች አፍ የወረስናቸው ናቸው።

ባቡሩ ብዙ በረከት አመጣ። ለሺህ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ፤ በየጣቢያው ከተማ ወለደ፤ የተለያየ ቋንቋና እምነት ያላቸውን ሰዎች ጎረቤት አደረገ። የድሬ ሰው በፍቅሩ የሚታወቀው ከሌሎች ምክንያቶች ጋር በዚህም ጭምር ነው። ነገር ግን የድሮው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መመላለሱን ሲያቆም፣ እርሱን ተደግፈው የቆሙት ትንንሽ የጣቢያ ከተሞች ድጋፋቸው ተነቀለ። ባቡሩ ሲቆም በመስኮቱ ሥር ፍራፍሬና ሻይ እየሸጠች ልጆች ያሳደገች እናት ማንም ሳያማክራት ገበያዋ ጠፋ።

በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ተመረቀ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ታላቅ ሥራ ነው፤ እግዚአብሔርን የምናመሰግንበት ነው። የአዲሱ መስመር ጣቢያዎች ግን ጥቂቶች ናቸው፤ የእኛውም ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። በአርብቶ አደሩ ምድር ሲያልፍ ደግሞ ከብትና ግመል መገጨት ተደጋጋሚ ችግር ሆነ። ለከተማ ሰው የግመል መገጨት የጉዞ መዘግየት ነው፤ ለባለ ግመሉ ግን ባንኩ፣ ጥሎሹና የልጆቹ ወተት ነው የወደቀው። ሐዲዱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ «እዚህ ከብት በየትኛው ወር በየት በኩል ወደ ውኃ ይወርዳል?» ብሎ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ የሚጠይቅ የሠለጠነ ሰው መከታ የሚሠራ ሰው ነው።

ዛሬ የሚሠራው ቤት በኪሳችን ውስጥ ነው

አሁን ደግሞ ሐዲዱ የማይታይ ሆኗል። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ በመንግሥት እጅ ብቻ የቆየው የስልክ አገልግሎት ተወዳዳሪ ሲያገኝ፣ ሳፋሪኮም የሙከራ አገልግሎቱን መጀመሪያ የከፈተው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋችን ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ያለ ቦርሳ ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ውጥን ይፋ ሆነ።

አምስት ሚሊዮን ቤት ሠሪ! ደስ ይለኛል፤ ከወጣቶች ኅብረታችን የተመዘገበ ሁሉ እንዲበረታ እጸልያለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ለአምስት ሚሊዮን ቤት ሠሪ ስንት መከታ ሠሪ አሰብን?

ይህንን የምለው መጋቢ በየቤቱ የሚያየው ስላለ ነው። የሚስጥር ቁጥሯን በቃሏ መያዝ አቅቷት ለጎረቤት ልጅ የምትነግር እናት አለች። ያለ ዋስ በስልኩ ብድር ወስዶ፣ ያንን ለመክፈል ሌላ የሚበደር ወጣት አለ። በስፖርት ውርርድ የወር ደመወዙን በአንድ ሌሊት ጨርሶ ለሚስቱ «ተሰረቅሁ» የሚል ባል አለ። እሑድ በጉባኤ መካከል ተቀምጦ ልቡ በስልኩ ውስጥ ካለ «ነቢይ» ጋር የሆነ ምእመን አለ፤ ያንን ቪዲዮ ማን ቆርጦ እንደቀጠለው አያውቅም። እነዚህን ሰዎች «ራስህን ግዛ፣ ጸልይ» ማለት ተገቢ ነው፤ እኔም እላለሁ። ግን ጣራው መከታ የሌለው ሆኖ ሳለ የወደቀውን ብቻ የምንገሥጽ ከሆነ የሕጉን ግማሽ ትተናል። የብድሩ ማመልከቻ እንዲህ እንዲቀል፣ ውርርዱም ሌሊቱን ሙሉ ክፍት እንዲሆን አስቦ የሠራው ሰው አለና።

ከዚህም የከበደ አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መአረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዙ የጥላቻ ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጭተው እንደነበር፣ እንዲነሡ ቢጠየቅም በጊዜው እንዳልተነሡ ልጃቸው በኬንያ ፍርድ ቤት በሜታ ኩባንያ ላይ ባቀረቡት ክስ አመልክተዋል። በ2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ክሱን ለዳኞች እንተወው። እኛ ግን እንጠይቅ፤ አንድ ቁጣ የቀሰቀሰ ጽሑፍ ከእውነት ይልቅ ለምን ፈጥኖ ይሮጣል? በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ የሚጻፈውን የሚያነቡ ሰዎች ስንት መሆን ነበረባቸው? ይህንን ሊመልስ የሚችለው ቋንቋውን፣ የማኅበረሰቡን ቁስልና የማሽኑን አሠራር አብሮ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከእኛው መካከል ካልወጣ ከየትም አይመጣልንም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«መጋቢ፣ ይህ ዓለማዊ እውቀት ነው፤ ለእኛ ቃሉ አይበቃንም?» የሚሉ አሉ። ቃሉ ለድኅነትና ለቅድስና ይበቃናል፤ በዚህ አልደራደርም። ነገር ግን ቃሉ ራሱ መከታ ሥሩ ብሎ ያዝዛል እንጂ ለየጣራው ቁመቱ ስንት ክንድ ይሁን አይልም። ቁመቱን የሚያውቀው የለካ ነው። ዳንኤልና ጓደኞቹ የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተምረው ነው በባቢሎን የቆሙት (ዳን. 1)፤ ከምግቡ ተጠበቁ እንጂ ከትምህርቱ አልሸሹም። የይሳኮር ልጆችም የተመሰገኑት ዘመኑን በማወቃቸውና እስራኤል ምን ማድረግ እንደሚገባው በመረዳታቸው ነው (1 ዜና 12፥32)።

ወንጌላውያን ለሆንን ለእኛ ደግሞ በዚህ ጥናት ቀድሞን የሄደ ወንድም አለን። ዣክ ኤሉል ይባላል፤ በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ፣ የፈረንሳይ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን አባልና የሥነ መለኮት ጸሐፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ያስጠነቀቀው ስለ ማሽን ብቻ አልነበረም። «የበለጠ ፈጣን፣ የበለጠ ቀልጣፋ» የሚለው ሩጫ ቀስ በቀስ የሰውን ሕይወት ሁሉ የሚገዛ ጌታ እንደሚሆን ነበር ያሳየው። በሁሉ ባልስማማም፣ ጣዖት ሁልጊዜ በእንጨትና በድንጋይ እንደማይመጣ አስተምሮናል። ባስልኤል የመገናኛውን ድንኳን በወርቅ የሠራበት ጥበብና የወርቁ ጥጃ የተቀረጸበት መሣሪያ በኦሪት ዘፀአት ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው (ዘጸ. 31–32)። ወርቁ አንድ ነው፤ ማንን እንዳገለገለ ነው ልዩነቱ።

«ሥራ የለውም» የሚለው ተቃውሞ ግን ቀልድ አይደለም፤ የወላጅ ጭንቀት ነው። በአገራችን የሥራ ማስታወቂያ ላይ በዚህ ስም «እንፈልጋለን» የሚል ብዙ አታገኙም። ሥራው ግን እየመጣ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የማስፈጸም ኃላፊነቱም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ሕጉን ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትም ጭምር ማክበር ይኖርባቸዋል። ሕጉን ከሰው ኑሮ ጋር አገናኝቶ የሚያስረዳ ሰው ይፈለጋል። የልማት ድርጅቶች የውኃ ፓምፕ ወይም የስልክ አገልግሎት ወደ ገጠር ሲወስዱ ከሦስት ዓመት በኋላ ለምን ተጥሎ እንደሚገኝ የሚያጠና ሰው ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ለወጣቱ የምመክረው ይህንን ነው። ትምህርቱን በስሙ የሚሰጥ ቦታ ካላገኘህ በሁለት እግር ቁም። ሶፍትዌር የምታጠና ከሆነ ሶሲዮሎጂ ወይም ሕግ ጨምር፤ ሶሲዮሎጂ የምታጠኚ ከሆነ ኮድ መጻፍንና ስታቲስቲክስን በሚገባ ተማሪ። የመመረቂያ ጽሑፍህን ርዕስ ከገዛ ሰፈርህ ምረጥ። በሁርሶ ዙሪያ ያለ አርብቶ አደር ስልክን ለምን ይጠቀምበታል? በመጋላ ያለች ነጋዴ የሞባይል ገንዘብ ዱቤዋንና ዕቁቧን እንዴት ለወጠው? እነዚህ ከማንኛውም አገር መጽሐፍ ተገልብጠው የማይገኙ ጥያቄዎች ናቸው።

ከሁሉ የከበደኝ ተቃውሞ ግን ይህ ነው፤ «ድሃ አገር ተቺ ሳይሆን ሠሪ ነው የሚያስፈልጋት።» እውነት አለበት። በ1 ሳሙኤል 13 ላይ በእስራኤል ብረት ሠሪ ጠፍቶ ሰው ማረሻውን ለማሳል ወደ ጠላቱ ወደ ፍልስጥኤማዊው ይወርድ ነበር። የራሱ አንጥረኛ የሌለው ሕዝብ በጠላቱ ደጅ ይሰለፋል። በዚህ ላይ እኛ አንጥረኛውን በመናቅ የምንታወቅ ሕዝብ ነን፤ «ቀጥቃጭ» ብለን የሰደብነው እጅ ነው ማረሻችንን የሠራልን። ስለዚህ ከሠሪው ላይ ቆሞ ጣቱን የሚቀስር ምሩቅ ብቻ የሚያፈራ ትምህርት ከሆነ እኔም አልደግፈውም። ሕጉም እኮ መከታውን እንዲሠራ ያዘዘው ራሱን ቤት ሠሪውን ነው። ቤት የሌለበት መከታ ከንቱ አጥር ነው፤ መከታ የሌለው ቤትም ሬሳ ያለበት ደጅ ይሆናል። ኮዱን የሚጽፈው ልጃችን ይህንን ጥናት በጥቂቱም ቢሆን ይቅመስ፤ ይህንን የሚያጠናው ልጃችንም እጁን በሥራው ያቆሽሽ።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?

ከራሷ ቤት ትጀምር። አምልኮን በቀጥታ ስናስተላልፍ፣ መባን በስልክ ስንቀበል፣ የምእመናንን ስምና አድራሻ በኮምፒውተር ስንመዘግብ እኛም አዲስ ቤት እየሠራን ነው። ሽማግሌዎች አንድ ምሽት ተቀምጠው አራት ጥያቄ ይጠይቁ። በዚህ ማን ሊወድቅ ይችላል? ስልክ የሌለው፣ ማንበብ የማይችል፣ ዓይኑ የደከመ ወገን እንዴት ይሳተፋል? ይህ ነገር ምን መልካም ልማድ ያስረሳናል? ቢበላሽ ደግሞ ኃላፊው ማን ነው? መባ በስልክ መላክ መልካም ነው፤ ግን ሳንቲሟን በእጇ ይዛ ወደ መሠዊያው የምትመጣው እናት «የእኔ አይቆጠርም» ብላ ቤቷ እንዳትቀር። ስብከት በስልክ መስማት በረከት ነው፤ ግን አልጋ ላይ ያለውን ሕመምተኛ በእግራችን ሄደን መጠየቅን እንዳይተካ። ንስሐ ገብቶ በጉባኤ የመሰከረ ሰው ምስክርነቱ ሳይጠየቅ ተቀርጾ ዓለም ሁሉ ሲያየው፣ የወደቀውን ያነሣን መስሎን ሁለተኛ ጥለነዋል።

ሁለተኛ፣ ለምንጸልይላቸው ሙያዎች ዝርዝር ላይ እንጨምር። ለሐኪሞችና ለመሐንዲሶች በጉባኤ ፊት እጅ ጭነን እንጸልያለን። ይህንን መንገድ የመረጠች ልጅ ስትመጣ ግን «ይህ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» እንላታለን። ያንን ቃል ከአፋችን እናንሣ። ዘመኑን የሚያውቅ የይሳኮር ልጅ በጎሣው መካከል ሲነሣ ወንድሞቹ ሊሰሙት እንጂ ሊስቁበት አይገባም።

ሦስተኛ፣ ወላጆች ሆይ፣ እናንተ የዚህ ጥናት መጽሐፍ ናችሁ። ባቡሩን፣ የመጀመሪያውን ስልክና የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን አይታችኋል። ምን እንዳመጣና ምን እንደወሰደ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። «ማታ ማታ እንዲህ እንጫወት ነበር» የምትሏት ታሪክ ከትዝታ በላይ ናት፤ ምን እንደተለወጠ የምትመሰክር ሰነድ ናት።

በመጨረሻም ይህንን የምታነቡና ገና ጌታን ያላወቃችሁ ወዳጆቼ፣ በዚያች ትንሽ የጣራ ሕግ ውስጥ እግዚአብሔር ምን ዓይነት አምላክ እንደሆነ እዩ። በሌላ ሰው ቤት ሊወድቅ ስለሚችል፣ ስሙ ስላልተጻፈ እንግዳ አስቀድሞ የሚያስብ አምላክ ነው። እኛ ሁላችን ደግሞ ወድቀናል፤ ከመሣሪያችን ከፍታ ላይ ሳይሆን ከገዛ ኩራታችን ከፍታ ላይ ነው የወደቅነው። ያስጠነቀቀን አምላክ ከላይ ሆኖ «ዓይናችሁ የት ነበር?» አላለንም። ወደ ወደቅንበት ወርዶ በመስቀል ላይ ደሙን አፈሰሰ፤ የደማችንን በደል በራሱ ላይ ተቀበለ። ይህንን ፍቅር ያየ ሰው ለሚሠራው ጣራ ሁሉ መከታ ማድረግ አይከብደውም።

ጌታ ሆይ፣ ለልጆቻችን የሚሠራ እጅን ከሚያስተውል ልብ ጋር ስጣቸው። በእጃችን ሥራ ላይ የማንም ደም እንዳይገኝ እርዳን። አሜን።